የአዝማሪው አምሮት

አድማሴ አረቄ የቀመሰው ገና ጢሙ ሳያቀመቅም ነው። አባቱም አያቱም አዝማሪዎች ነበሩና ማሲንቆ ይዞ ሰው ቤት መግባት ምን ማለት እንደሆነ የሚነግረው አላስፈለገውም። ባለቤት ይቀዳል፣ አዝማሪ ይጠጣል፣ ከዚያ ይዘፈናል። አባቱ «ጭራው ሙጫ፣ ጉሮሮው አረቄ ካላገኘ አይናገርም» ይሉ ነበር። እሱም ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ይህን ሳይጠራጠር ኖረ። ደጋኑን አንሥቶ ጭራውን አንዴ ሲስበው መለኪያው ከፊቱ ይቀመጣል፤ ዘፈኑ ሲያልቅ መለኪያውም ያልቃል፤ ሌላ ዘፈን፣ ሌላ መለኪያ።

በአርባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ጎንደር ከተማ ውስጥ ከወይዘሮ አባይነሽ ጠጅ ቤት ይጫወት ነበር። ሚስቱ እናኑ ትዘፍናለች፣ እሱ ይመታል። እውነቱን ለመናገር ሰው የሚመጣው ለእሷ ድምፅ ነበር። አድማሴም ይህን ያውቃል፤ አልቀናባትም። ይልቅ ያስጨነቀው የገዛ እጁ ነው። ጠዋት ሲነሣ ይንቀጠቀጣል። የሸሚዙን ቁልፍ የምትቆልፍለት እናኑ ናት። የመጀመሪያዋ መለኪያ ስትወርድ እጁ ይረጋል፤ ሁለተኛዋ ስትወርድ ደግሞ እጁ ተንቀጥቅጦ እንደነበር ይረሳል።

በዚያ ዓመት በጥር ከሊማሊሞ ሥር ወዳለችው ድብ ባሕር ለሠርግ ተጠሩ። ከእህል ማኪና ላይ ተሳፍረው ሄዱ። ሠርጉ ተራ ሠርግ አልነበረም። በሁለቱ ቤተሰብ መካከል ደም ነበር፤ የሙሽራይቱ አጎት ከስድስት ዓመት በፊት ከገደል ሥር ሞቶ ተገኝቶ፣ እጁ አለበት የተባለው የሙሽራው ዘመድ ነበር። ሽማግሌ ብዙ ደክሞ አስታረቀ፤ ልጅና ልጅ ተሰጣጡ። ይህን አገሩ ሁሉ ያውቃል። እናኑም ማኪናው ላይ ሳሉ ለአድማሴ ነግራዋለች፤ «ዛሬ ቃል ምረጥ» ብላዋለች።

ከጠዋት ጀምሮ ሲቀዳለት ዋለ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከዳሱ ጥግ የተቀመጠ አንድ ሰካራም «ተቀበል» አለው። አዝማሪ ግጥም ሲሰጠው ተቀብሎ በዜማ መመለስ ሥራው ነው። ደኅና አዝማሪ ግን የሚሰጠውን ሁሉ እንዳለ አይቀበልም፤ መርዝ ካለበት አንዷን ቃል ለውጦ፣ ስድቡን ምርቃት አድርጎ ያወጣዋል። አድማሴ በዚህ የታወቀ ነበር። ያን ቀን ግን ጆሮው የሰማውን አፉ እንዳለ አወጣው።

«እርቁም ሸጋ ነበር፣ ሠርጉም ደስ ይላል፣
ዳሩ ግን ከገደል አንድ ሰው ይጣራል።»

የሙሽራይቱ ወገን በሙሉ ዱላውን ይዞ ተነሣ። የሆነውን ሁሉ አድማሴ አላየም። ግጥሙን እንደጨረሰ የዳሱን ምሰሶ ተደግፎ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። ወደሱ የተሰነዘረውን ዱላ እናኑ በቀኝ ክንዷ መከተችው።

ጠዋት ሲነሣ ሽማግሌዎቹ ወገኖቹን ለያይተው እንደገና እርቅ ጀምረዋል፤ ሰው አልሞተም። እናኑ ከደጅ ተቀምጣ ክንዷን በነጠላ አስራለች። አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ወጥቷል። የመንደሩ ወጌሻ አይቶ «ይህስ ከእኔ እጅ በላይ ነው፤ ጎንደር ውሰዷት» አለ።

«ማን መታሽ?» አለ አድማሴ።

«የመታኝን ምን ታደርገዋለህ? የተቀበልኸው አንተ ነህ።»

ምን እንደተቀበለ እሷ ነገረችው። ግጥሙን ቃል በቃል ስትነግረው እንደ ሌላ ሰው ግጥም ሆኖ ተሰማው። አንዱም አልታወሰውም።

ሆስፒታል ክንዷን አስተካክለው በጀሶ አሰሩላት። አድማሴ ከአልጋዋ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጦ ዋለ። አፍሮ ነበርና አረቄ ፍለጋ አልወጣም። በሁለተኛው ቀን መላ ሰውነቱ ተንቀጠቀጠ፤ ላቡ ልብሱን አረጠበው። በሦስተኛው ቀን ከግድግዳው ላይ የፈረስ ጭራ እንደ ትል ሲሳብ ያይ ጀመር፤ በእጁ ሊያራግፈው እየሞከረ ጮኸ። ዳኛው የሚባል ወጣት ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት፣ መጥቶ ደግፎ ወሰደውና ከወንዶቹ ክፍል አስተኛው። አምስት ቀን ከአልጋ አልወረደም። ዳኛው ውኃና ሾርባ እየሰጠ፣ ሲብስበት ሐኪሙን እየጠራ አሳለፈው።

በስድስተኛው ቀን ዳኛው ከአልጋው ጫፍ ተቀመጠ።

«አያ አድማሴ፣ ስንት ዓመት ጠጡ?»

አዝማሪን «አያ» ብሎ የሚጠራ የተማረ ሰው አይቶ ስለማያውቅ መልሱ ዘገየበት። «ማሲንቆ ከያዝሁ ጀምሮ» አለ።

«እጅዎን ይዘርጉት እስቲ።»

ዘረጋው። አልተንቀጠቀጠም።

«አረቄው ከሰውነትዎ ወጥቷል። የቀረው አምሮቱ ነው። ለእሱ እኛ ዘንድ መርፌ የለም» አለ ዳኛው።

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«መቼ መቼ እንደሚያምርዎ ልብ ይበሉ። የቱ ሰዓት፣ የቱ ቦታ፣ ምን ሲሰሙ፣ ምን ሲያዩ። ጠላት በየት በኩል እንደሚመጣ ያላወቀ ዘበኛ ምን ይረባል?»

አድማሴ ተነሥቶ ወደ እናኑ አልጋ ሄደ። ይቅር በይኝ ሊላት ጀምሮ ነበር። «አሁን ተወው» አለችው። «ዛሬ ስላመመህ ነው የምትለው። ደኅና ስትሆን ትለኛለህ።»

የሚኖሩት ከአባይነሽ ጠጅ ቤት ጀርባ በተከራዩት አንድ ክፍል ነበር። ማሲንቆው ከግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ወደ ቤት በተመለሱ በሦስተኛው ቀን፣ እናኑ ከደጅ ፀሐይ ስትሞቅ፣ አድማሴ ቆዳው እንዳይደርቅ ቅቤ ሊያሸው ማሲንቆውን አወረደ። ካሸው በኋላ እጁ እንደ ልማዱ ደጋኑን አንሥቶ ጭራውን አንድ ጊዜ ሳበው። አንዲት ድምፅ ብቻ ወጣች። ወዲያው አፉ ምራቅ ሞላ፤ ደረቱ ስር የሚያውቀው ሙቀት ተነሣ፤ ከቤቱ ውስጥ ምንም ሳይኖር የዳግም አረቄ ሽታ አፍንጫው ገባ። ደጋኑን ጣለና ወጣ።

«በየት በኩል እንደሚመጣ አገኘሁት» አላት። «በጭራው ነው።»

«እንግዲህ ምን ልንበላ ነው?» አለች እናኑ። ርስት የላቸው፤ በሬ የላቸው። ያለ ማሲንቆ የሚያውቀው ሥራ የለም።

አዲስ ዓለም ሰፈር ሷሊሕ የሚባል የጨርቅ ነጋዴ ነበር። ዕድሜው ገፋ ያለ፣ ነገር የማያበዛ ሰው ነው። አድማሴ ከእሱ ዘንድ ጣቃ መሸከምና ጥጥ መምረጥ ጀመረ። ያን ሥራ የመረጠው በሷሊሕ ግቢም በጎረቤቱም የሚያሰክር ነገር ስለማይገባ ነው። አንድ ዓርብ ከሰዓት ከጎረቤት መንዙማ ተሰማ፤ ከበሮው ቀስ እያለ ይመታል፣ ሰዎቹ ይቀባበላሉ። አድማሴ ዜማ ነውና ፈርቶ ምራቁ እስኪሞላ ጠበቀ። አልሞላም። ከጣቃው ላይ ተደግፎ እስከ መጨረሻው ሰማው። ለምን እንደሆነ ሳይገባው ወደ ጥጡ ተመለሰ።

እንዲህ ሆኖ ሁለት ሳምንት ሊሞላው ሲል የዐቢይ ጾም ቅበላ ደረሰ። ቅበላ ከተማው ሁሉ የሚበላበትና የሚጠጣበት ነው፤ ከነገው ጀምሮ ሥጋም ዘፈንም የለማ። አድማሴ ከሥራ ሲመለስ ከአባይነሽ ቤት ሌላ አዝማሪ ይመታ ነበር። ጭራው ትንሽ ረግቧል፤ መጥበቅ ነበረበት። ይህን ብቻ ልንገረው ብሎ ገባ። እንዲህ ብሎ እንደገባ ኋላ ለእናኑ ሲነግራት እሱ ራሱ አመነው።

ሦስት ቀን አልወጣም። ጾሙ ገብቶ ማሲንቆ ሲቆም እንኳ ከጓዳ ተቀምጦ ይጠጣ ነበር። በሦስተኛው ቀን እናኑ ክንዷ በጀሶ እንደታሰረ መጥታ ከበራፉ ቆመች። አልተቆጣችም፣ አልለመነችም። ሰው እየገባና እየወጣ እሷ ግን ቆማ ቀረች። ከብዙ ጊዜ በኋላ አድማሴ ተነሥቶ ወጣ።

የእናኑ እናት በሕይወት ሳለች ቀሐ ወንዝ አጠገብ ከሚኖሩ አንዲት ትልቅ ሴት ቤት ታገለግል ነበር፤ እመት ወለተሩፋኤል ይባላሉ። እናኑም ያደገችው ከዚያ ጓሮ ነው። ቤት ውስጥ ዱቄት ሲያልቅ ወደሳቸው ሄደች፤ ሲጠይቋት ደግሞ የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። እመት ወለተሩፋኤል አዳምጠው ሲያበቁ የጠየቁት ሌላ ነገር ነው።

«ባልሽ ጅማት መፍተል ያውቃል?»

በማግሥቱ አድማሴ ቀረበ። ከእልፍኙ ግድግዳ ላይ ትልቅ በገና ተሰቅሏል። ከአሥሩ አውታር አራቱ ተበጥሰዋል፤ የቀሩትም ረግበው አቧራ ለብሰዋል።

«የወንድሜ ነው» አሉ እመት ወለተሩፋኤል። «ከጦርነቱ በሕይወት ተመለሰ፤ ከጠርሙስ ግን ሳይመለስ ቀረ። እኔም እደረድር ነበር፤ አሁን ጣቶቼ አልታዘዝ አሉ። ለጾሙ ድምፁን ብሰማ ደስ ይለኛል። ታድሰዋለህ?»

«እሜቴ፣ እኔ ጅማት የምፈትለው ለማሲንቆ ቆዳ መስፊያ ብቻ ነው። በገና ነክቼ አላውቅም።»

«ጅማት ጅማት ነው» አሉ።

የበገና አውታር ከበግ አንጀት ይፈተላል። ጾም ነውና በክርስቲያኑ ሰፈር በግ የሚያርድ የለም። አድማሴ አፍሮ ወደ ሷሊሕ ሄደ፤ ሦስት ቀን ሥራ ቀርቶ ነበር። ሷሊሕ ለምን እንደቀረ አልጠየቀውም። ስለ በገናው ሰምቶ ከአዲስ ዓለም ሥጋ ሻጭ የሁለት በግ አንጀት አስመጣለት። «ሲያልቅ ወደ ጥጥህ ትመለሳለህ» ብቻ አለው።

ሥራው ሳምንት ፈጀ። አንጀቱን አጠበ፣ ስቡን ፋቀ፣ አመድ ውስጥ ነከረ፣ በጥንድ እየፈተለ ከሁለት እንጨት መካከል ወጥሮ በጥላ አደረቀ። እጁ ሥራ ሲይዝ ቀኑ ይጣደፍለታል። ክፉው ሰዓት አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ጠጅ ቤቱ ሰው መቀበል የሚጀምርበት። ያን ጊዜ ግቢውን እየዞረ ይራመዳል።

አውታሩ ሲወጠር እመት ወለተሩፋኤል ከአጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ቅኝቱን ነገሩት። ከየአውታሩ ሥር ትንንሽ የቆዳ ቁራጭ ይገባል፤ እንዚራ ይሉታል፤ በገናውን እንደ ንብ የሚያስጮኸው እሱ ነው። የመጨረሻውን እንዚራ ካስገባ በኋላ ወፍራሙን አውታር በጣቱ ነካው። ድምፁ በጆሮው ብቻ አልመጣም፤ ሣጥኑን በደገፈው ደረቱ አልፎ እስከ ጉልበቱ ወረደ። ደግሞ ነካው። ከዚያ እጁን በአየር ላይ አቁሞ ቀረ።

«ምነው ደነገጥህ?»

«አላማረኝም» አለ አድማሴ።

«ምኑ?»

«አረቄው። አውታር ነክቼ አላማረኝም።» የሷሊሕ ጎረቤቶች መንዙማም ትዝ አለው። «ይህ ድምፅ ከመለኪያ ጋር አይተዋወቅም እሜቴ። ማሲንቆዬና መለኪያው አብረው ነው ያደጉት። ይህን ሰምቼ ጠጥቼ አላውቅም።»

«እንግዲያ ተማረዋ» አሉት እመት ወለተሩፋኤል።

«የአዝማሪ ልጅ በገና ሲደረድር ሰው ምን ይላል?»

«ዳዊትስ የበግ ጠባቂ አልነበረም? ሰው የሚለውን ለሰው ተውለት።»

ሰው ያለውን ብሏል። አዝማሪ በመኳንንት በገና ተጫወተ ብለው ያጉረመረሙ ነበሩ። እሳቸው ግን በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንዲመጣ አዘዙት። የሚያስተምሩት በጣታቸው ሳይሆን በአፋቸው ነው፤ «እሱን አይደለም፣ ቀጥሎ ያለውን፤ ቀስ በል፤ ማን ያባርርሃል?» ይሉታል። ማሲንቆ የለመደ እጅ ይቸኩላል። በገና ደግሞ ቸኩለው ቢመቱት ድምፁ ይደባለቃል፤ አንዱ አውታር ተናግሮ እስኪጨርስ መጠበቅ ግድ ነው። የሰጡት የመጀመሪያ ስንኝ ይህች ናት፦

«የሰው ልጅ ሲመሽበት ቤቱን ያስታውሳል፣
መንገዱ ካለቀ ወዴት ይመለሳል።»

አንድ ቀን ገና ከመቀመጡ አምሮቱ መጣ። ከመንገድ ላይ አንድ ሰው ጠርሙስ ይዞ ሲያልፍ ነበር ያየው። እጁ ቀዘቀዘ፣ አፉ ሞላ። ደብቆ ሊደረድር ሞከረ፤ አልሆነም።

«እሜቴ፣ መጣ» አለ።

«ደርድር።»

«ልሂድና ነገ ልመለስ?»

«ከሄድህ የምትሄድበትን እኔም አንተም እናውቃለን። ስንኟን ከዳር እስከ ዳር በላት፤ ስታልቅ እንደገና ጀምር። ሲሄድ ትነግረኛለህ።»

ጀመረ። ሦስተኛውን ሲጨርስ ላብ አጠመቀው። በስድስተኛው ላይ ተነሥቶ የሚሮጥ መሰለው። አምሮቱ እየጨመረ እየጨመረ ሄደና መቼ እንደሆነ ሳያውቅ መጉደል ጀመረ። በአሥራ አንደኛው እጁን አወረደ።

«ሄደ» አለ።

«አሥራ አንድ» አሉ እመት ወለተሩፋኤል። ሲቆጥሩ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ቁጥሩን ይይዙት ጀመር። አንዳንድ ቀን ሰባት፣ አንዳንድ ቀን አራት። በደብረ ዘይት ሳምንት አንድ ቀን ያለ ምክንያት አሥራ ሦስት ሆነና አድማሴ ተስፋ ቆረጠ፤ በማግሥቱ ሁለት ሆነ። ሕግ የለውም። አንድ ነገር ግን ተማረ፤ ካልመገቡት የማይሄድ አምሮት የለም። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ መጨረሻውን አይቶት አያውቅም ነበር፤ ገና ሲመጣ ያጠጣዋልና። የራሱን ስንኝም ሠራ፤ ለእናኑ ብቻ አሰማት፦

«እንግዳ ነኝ ብሎ ገብቶ ከቤቴ፣
ጌታ ሆኖ ቀረ ያ ክፉ ጥማቴ።»

እናኑ ሰምታ «ሁለተኛው ቤት ይሻላል» አለችው። ስለ ግጥም ስታወራው ከጥር ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር።

የእናኑ ጀሶ በተፈታ ቀን ሆስፒታል አብረው ሄዱ። ክንዷ ሙሉ በሙሉ አልተዘረጋም፤ ዳኛው ሐኪሙ ያለውን ነገራት፣ በየቀኑ እንድታንቀሳቅሰው አሳያት። ከዚያ ወደ አድማሴ ዞረ። አድማሴ ስለ በገናው፣ ስለ መንዙማው፣ ስለ ቁጥሩ ሁሉ አንድ በአንድ አጫወተው። ዳኛው በጥሞና ሰማ።

«ማሲንቆውስ?»

«አልነካሁም።»

«ዕድሜ ልክዎን ላይነኩት ነው? ጎረቤትዎ ሁሉ የሚመታው እሱን ነው። በየሠርጉ፣ በየክርስትናው ይሰሙታል። ከሸሹት በሰው እጅ ሆኖ ያገኝዎታል።»

«ምን ይበጃል ይላሉ?»

«ይህ በመጽሐፋችን የለም፤ እርስዎ ነዎት የጀመሩት» አለ ዳኛው። «እኔ ብሆን ግን አረቄ በሌለበት ቤት ትንሽ ትንሽ እየነካሁ አለምደው ነበር።»

አድማሴ ማሲንቆውን በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ቀሐ ይዞት ሄደ። እመት ወለተሩፋኤል ፊታቸው ጠቆረ። «በጾም ዘፈን ከቤቴ አይሰማም» አሉ።

«ዘፈን አይደለም እሜቴ። አንድ ጊዜ ጭራውን መሳብ ብቻ ነው።»

አሰቡበት። ከዚያ ጸሎቴን ላድርስ ብለው ወደ ጓዳ ገቡና በሩን ዘጉ። አድማሴ ጭራውን አንዴ ሳበ፤ አፉ ሞላ፤ ማሲንቆውን አስቀምጦ በገናውን አነሣ። ስምንት። በማግሥቱም እንዲሁ። በሆሳዕና ዋዜማ የበገናውን ስንኝ በማሲንቆው ላይ ቀስ አድርጎ ሙሉውን መታው። አምሮቱ ቢመጣም እንደ ድሮው ደጋኑን አላስጣለውም። ከጓዳው እመት ወለተሩፋኤል «ቸኮልህ» አሉት።

ፋሲካ ደረሰ። በዓሉ ሳይገባ አባይነሽ ራሷ መጣች። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ እናኑ ስትታመም ምግብ የላከችው እሷ ናት። ግን ቤቷ ዘፋኝ ያስፈልገዋል።

«ደኅና ሆነሃል ይሉኛል። በፋሲካ ማግሥት፣ በማዕዶት፣ በቀን ብቻ ተጫወቱልኝ» አለች።

እናኑ መለሰችላት። «ከፊቱ አረቄ እንዳታስቀምጪ። በብርሌው ብርዝ ትቀጂለታለሽ። መልኩ ከጠጁ አይለይም፤ ማንም አያውቅም።»

አባይነሽ ተስማማች፤ ብርዙንም በራሷ እጅ በጠበጠች።

ማዕዶት ዕለት ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። እናኑ ዘፈነች፤ ሦስት ወር ያረፈ ድምፅዋ እንደ አዲስ ነበር። አድማሴ መታ። የመጀመሪያው ዘፈን አለፈ፤ ሁለተኛውም። ብርዙን ሲቀምሰው ጣፋጭ ብቻ ሆነበት። በሦስተኛው ላይ ኮት የለበሰ አንድ እንግዳ ብርሌውን ከፊቱ አንሥቶ አሸተተውና ሳቀ። «አዝማሪ ብርዝ ሲጠጣ አየሁ!» ብሎ ለቤቱ ሁሉ ተናገረ። አረቄ በመለኪያ አስቀዳና ከአድማሴ ጉልበት አጠገብ አስቀመጠው። «ጠጣና ተቀበል» አለው።

ሽታው ደረሰው። ማሲንቆው በእጁ፣ መለኪያው በፊቱ፣ ዘፈኑ በጆሮው፤ ሦስቱም እንደ ድሮው ተገናኙ። እጁ ደጋኑን ለቆ ወደ መለኪያው ሲዘረጋ የራሱ እጅ ሳይሆን የሌላ ሰው እጅ ሆኖ አየው። እናኑ ዘፈኗን አላቆመችም፤ ዓይኗ ግን እሱ ላይ ነበር።

አድማሴ ተነሣ። ማሲንቆውን ከእናኑ ጭን ላይ አደረገ። «ለዛሬ ይበቃኛል» አለ ለአባይነሽ። ሰዉ ሳቀ፤ አንዱ «ብርዙ አሰከረው» አለ። ወጣ።

ቁልቁል ወደ ቀሐ ሲወርድ አላረፈም። እመት ወለተሩፋኤል ቤት እንግዳ ሞልቷል፤ በግ ታርዷል፤ ከሳቸው ዘንድም ጠጅ ይቀዳል። ይህን አላሰበም ነበር። ከግቢው በር ገብቶ ቆመ፤ ወደፊት መሄድም መመለስም አልቻለም። እሳቸው በመስኮት አዩት። በገናው ጾሙ ሲያልቅ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጦ ነበር። እንግዶቻቸውን ትተው ተነሡ፤ በገናውን በገዛ እጃቸው አቅፈው፣ በገና ከቁመታቸው ሊተካከል ትንሽ ሲቀረው፣ ቀስ እያሉ ወደ ግቢው ወጡ። ዘመዶቻቸው ደነገጡ፤ በፋሲካ በገና ምን ይሠራል?

«ከበቅሎው ጋጥ ጀርባ ሂድ» አሉት። «እዚያ ማንም አያይህም።»

እዚያ ድርቆሽ ላይ ተቀምጦ ደረደረ። ዘጠኝ ሲደርስ ያልቃል ብሎ ነበር፤ አላለቀም። ከአሥራ አምስት በኋላ መቁጠሩን ተወ። ፀሐይ ከግንቡ በላይ ሳለች ጀምሮ ጥላው ጋጡን ሲሸፍን ነው እጁን ያወረደው። ጣቶቹ ቆስለው ነበር። ቀና ሲል እናኑ ማሲንቆውን ይዛ ከግንቡ ሥር ተቀምጣ አገኛት።

«መቼ መጣሽ?»

«ቆይቻለሁ።»

«ይቅር በይኝ» አላት።

ወዲያው አልመለሰችለትም። «እሺ» አለች በኋላ። «ወደ አባይነሽ ቤት ግን አንመለስም።»

አልተመለሱም። ክፍሉንም ለቀው ወደ አዲስ ዓለም አቅራቢያ ተከራዩ። አድማሴ በሳምንት አራት ቀን የሷሊሕን ጥጥ ይመርጣል፤ በቀረው በቀን የሚደገሱ ሠርጎችን ይጫወታሉ። ግጥም ሲሰጥ መጀመሪያ የምትሰማው እናኑ ናት፤ እሷ ራሷን ካልነቀነቀች አይቀበልም። ሥራ ቀነሰባቸው፤ ብርዝ የሚጠጣ አዝማሪ የሚጠራ ብዙ አይደለም። በሚቀጥለው መስከረም አንድ ጊዜ ወደቀ፤ ሁለት ቀን ጠጥቶ በሦስተኛው ራሱ ወደ ዳኛው ሄደ። ከዚያ ወዲያ አልጠጣም።

እመት ወለተሩፋኤል በሦስተኛው ዓመት ክረምት ላይ አረፉ። በገናውን የወንድማቸው ልጅ ወደ አዲስ አበባ ወሰደው። አድማሴ ቅር ቢለውም አልተናገረም፤ የእሱ አልነበረማ። ከዋንዛ እንጨት የራሱን ሠራ። የመጀመሪያው ሣጥኑ ተሰነጠቀ፤ ሁለተኛው ሸጋ ሆነ።

ዳኛው አረቄ ያሸነፈውን ሰው ይልክለት የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ቢያዝን የሚባል የአዲ አርቃይ ሰው ነበር፤ የጭነት ማኪና ሾፌር። ሊማሊሞን ሲወርድ ሰክሮ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ተርፏል። አድማሴ በገናውን ከጉልበቱ አስደግፎ ስንኟን ነገረው። ሰውየው ሞከረ። እንደዚህ ጆሮ የሌለው ሰው አድማሴ አይቶ አያውቅም፤ አንዱን አውታር ከሌላው አይለይም።

«ይህ ለእኔ አይሆንም» አለ ቢያዝን እየተነሣ። «እኔ ዘፈን አላውቅም። መሪ ነው የማውቀው።»

አድማሴ አሰበ። ከዚያ ገና ያልተፈተለ ጅማት አነሣና አንዱን ጫፍ ሰጠው። «እንግዲያ ይህን ያዝልኝ። ጠበቅ አድርገህ። እኔ ስፈትለው አንተ አትልቀቅ።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪደርቅ።»

ቢያዝን ጫፉን ይዞ ተቀመጠ። ያን ቀን ሁለት አውታር ፈተሉ። ሾፌሩ ስምንት ቀን ተመላለሰና ቀረ። አንድ ወር ጠፋ፤ ሰው ዳባት ጠጅ ቤት አየነው አለ። ከዚያ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ማኪናውን ከበር ላይ አቁሞ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ የበግ አንጀት በወረቀት ጠቅልሎ ይዞ ገባ። አድማሴ አንጀቱን ተቀብሎ አየው፤ ስቡ በደንብ አልተፋቀም። ቢላዋ ሰጠውና አጠገቡ ቦታ ለቀቀለት።